ሐናን ያደመጠችው ጎማ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። በልጄ ላይ የወሰንኩትን ውሳኔ ያስቀየረኝ ቀን ስለሆነ እስካሁን ከሐሳቤ አልወጣም።

ጭሮ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልጄ ሐናን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት፤ ዓይኖቿ አያዩም። ያኔ ስድስተኛ ክፍልን ስትጨርስ ከትምህርት ቤት ላስቀራት ቆርጬ ነበር። ለእናቷም «ሰሌዳ ለማታይ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይጠቅማታል?» ብያታለሁ። ለሐናን ለመንገር ግን ድፍረት አጣሁ፤ ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ።

በዚህ መሃል የክፍሏ ልጆች ሚኤሶ ወርደው የድሮውን ባቡር ጣቢያ ሊጎበኙ ሆነ። መምህሯ «ሐናንም ትሄዳለች፤ እርስዎም አብረዋት ይምጡ» አለችኝ። ምን ልታይ ነው የምትሄደው አልኩ በልቤ። እሷ ግን በጠዋት ከእኔ ቀድማ ለብሳ በር ላይ ጠበቀችኝ።

ሚኤሶ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልጆቹ ሜዳ ላይ ወደ ቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች ሮጡ። ጥበቃው «በዓይን ብቻ! ማንም እንዳይነካ!» እያለ ይጮሃል። ልጆቹ «እዩት! እዩት!» ይባባላሉ። ሐናን እጄን እንደያዘች ፊቷን ወደ ጫጫታው አዙራ ቆመች። ምነው ባላመጣኋት አልኩ።

ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አዩን። ኦቦ መሐመድ ይባላሉ፣ የባቡር ጡረተኛ ናቸው።

«ኮቱ ልጄ፣ ነይ» ብለው እጇን ያዙ። ጥበቃው ሊናገር ሲል «ተው፣ እኔ አለሁ» አሉት። ከዚያ አጠገብ ካለው ቤታቸው ረጅም እጀታ ያለው መዶሻ አመጡ።

ሥራቸው ባቡር በቆመ ቁጥር የብረት ጎማዎቹን እየመቱ ማዳመጥ እንደነበር ነገሯት። «ደህና ብረት ይጮሃል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ስንጥቁ ደግሞ በዓይን አይገኝም፤ በጆሮ ነው።»

አራት ጎማዎች ተራ በተራ መቱ። «የቱ ነው የታመመው?»

ለእኔ ሁሉም አንድ ነው፣ ጓ ጓ ብቻ። ከተሰበሰቡት ልጆች አንዱ ሁለተኛው ነው አለ፣ ሌላው አራተኛው ነው አለ።

«ዝም በሉ እስቲ!» አለቻቸው ሐናን። «አባባ፣ እንደገና ይምቱልኝ።»

ደግመው መቱላት። እጇን ዘርግታ ሄደችና ሦስተኛው ላይ አሳረፈች። «ይሄኛው። ቶሎ ዝም ይላል።»

ኦቦ መሐመድ መዶሻውን መሬት አስነኩ። «ሱብሃነላህ! እኔ ይህን እስክለይ ዓመት ሙሉ የአለቃዬን ስድብ ጠግቤያለሁ» ብለው ሳቁ።

ልጆቹ «ለእኛም አሳዪን» እያሉ ከበቧት። እኔ ዞር ብዬ አለቀስኩ። መምህሯ ስታየኝ አቧራ ገባብኝ አልኳት። ስንመለስም መኪናው ውስጥ ልጆቹ ከሐናን ጎን ለመቀመጥ ሲጣሉ ነበር።

አሁን ሰባተኛ ክፍል ናት። የመምህራኑን ትምህርት በስልክ እየቀዳች ታጠናለች፤ ወደፊትም እስከምትፈልገው ድረስ ትማራለች። ያን ውሳኔዬን ባሰብኩ ቁጥር ግን ዛሬም አፍራለሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለእናንተ ከመላኬ በፊት አነበብኩላትና ይቅርታ ጠየቅኳት።

«አውቅ ነበር እኮ አባዬ» አለችኝ። «ለእማዬ ስትነግራት ሰምቼሃለሁ። ሐሳብህን እስክትቀይር ነበር የምጠብቅህ።»