ጋሽ ተሰማ የፎከረበት ኤልግ

ሐኪሜ «ስኳርህ ከፍ ብሏል፤ በእግርህ ሂድ» ብላ ካዘዘችኝ ወዲህ በምኖርበት የኦስሎ ሰፈር፣ አመሩድ አካባቢ እኔን ያላየ ዛፍ የለም። ባለፈው ቅዳሜም ከፎቆቹ ጀርባ፣ ጫካው በሚጀምርበት የጠጠር መንገድ ገባሁ። ጥድ ላይ አንድ ቢጫ ማስታወቂያ ተሰቅሏል፦ «የኤልግ አደን ላይ ነን፤ ተጠንቀቁ።» እሱን ሳነብ እግሬ በራሱ ዞረ።

«ምነው ቶሎ መጣህ?» አለች ባለቤቴ።

«ጉልበቴ» አልኳት። ጉልበቴ ደህና ነበር።

ኤልግ ለማያውቅ ሰው፣ ፈረስ የሚያህል የአጋዘን ዘር ነው። እኔ ሳወራው ዝሆን ያክላል፤ ዛሬ ግን ፈረስ ይበቃል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ጢሜ ልውጣ አልውጣ እያለ ሲያስብ። ቀን ቀን አልናብሩ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ካርቶን እቆልላለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ በአሮጌ ቪዲዮ ካሜራዬ ሠርግና ክርስትና እቀርጻለሁ። ኦስሎ ውስጥ እኔ ሳልቀርጸው የተጠመቀ ሕፃን ከተገኘ ጥምቀቱ ይደገም እል ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ቶር የሚባል የፎርክሊፍት፣ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ነጂ ነበር። እሱ በዓመት የሚናገረውን ቃል እኔ ከቁርስ በፊት እጨርሰዋለሁ። አንድ ቀን ዳቦውን እያኘከ፣ «ካሜራ አለህ አሉ። አደናችንን ትቀርጻለህ?» አለኝ። ከጎኔ መወልወያውን ተደግፎ የሚሰማው ጋሽ ተሰማ ነበር፤ የመጋዘኑ ጽዳት ሠራተኛ። ኖርዌይኛው ብዙም ባይሆን አደን የምትለዋን ቃል ለቀም አደረጋት።

«ጌቱ፣ እኔም እመጣለሁ በለው! አያቴ እኮ ጎሽ ገዳይ ነበር።»

«ጋሽ ተሰማ፣ ባለፈው ሳምንት አያቴ ቄስ ነበር አላልክም?»

«የእናቴ አባት ቄስ፣ የአባቴ አባት ገዳይ። አንዱ ይገድላል፣ አንዱ ይፈታል። ምን አገባህ?»

ቶር ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። «ይምጣ» አለ።

ጫካው የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ፣ ስለሆነ ደንቡን ለማወቅ ስልክ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ትዕግሥቷ የኢዮብ ነበር። በጋራ መሬት ላይ መቅረጽ ይቻላል፤ መልኩ የሚለይ ሰው ካለበት ግን ቪዲዮውን ከማውጣትህ በፊት ጠይቀው። የምትሸጠው ከሆነ ፈቃድ አውጣ። ከተኳሹ ኋላ ሁን። «ደግሞ» አለችኝ፣ «አደን አለ ተብሎ ጫካው አይዘጋም። ሰው ይሄዳል፤ መብቱ ነው። መጠንቀቅ ያለበት አዳኙ ነው።» ሁሉንም እንደ አባታችን ሆይ በቃሌ ያዝኩት።

የአደኑ ዕለት ጠዋት ብርድ ጥርስ ይቆጥራል። መሬቱ ውርጭ ለብሷል፤ ቀይ የዱር ፍሬው ብርጭቆ መስሏል። ቶር ጉቶ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው፣ ጋሽ ተሰማ ከእኔ ኋላ። ቶር ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦ አካፈለን፤ ጋሽ ተሰማ በአዋዜ የተለወሰ ዳቦ አወጣ። ቶር ቀምሶ ዓይኑ እንባ ሲሞላ ጋሽ ተሰማ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ሰው ጥይት ባያገኝ እንኳ በዚህ አፉ ተንፍሶበት ይጥለዋል» አለኝ። ሳቄን አፍኜ ልሞት ነበር።

ከዚያ ኤልጉ መጣ። ያን የሚያህል አካል ቅጠል ሳያንኮሻኩሽ እንዴት እንደሚሄድ ዛሬም ይገርመኛል። ቶር ተነሣ፣ ተነፈሰ፣ ተኮሰ። ኤልጉ ጥቂት ተራመደና ወደቀ።

ካሜራዬ እየቀረጸ ነው። ከወደቀው ኤልግ በስተኋላ፣ ቁልቁለቱ ላይ ካሉት ጥዶች መሃል፣ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች ሴት ወጣች። ውሻዋን በስሙ እየጠራች ነበር። ጋሽ ተሰማ እጁን አውለብልቦ «ሄይ ሄይ!» አላት፤ እሷም እጇን አንሥታ መንገዷን ቀጠለች። ጥይቱ በሄደበት በኩል እንዳለፈች ያወቀች አልመሰለኝም። ጋሽ ተሰማም አላወቀም። የቶር ፊት ግን ወረቀት ሆነ። ወደ ካሜራው ዞሮ፣ «ይህቺን ከቪዲዮው አጥፋት» አለኝ በቀስታ።

ጋሽ ተሰማ ቢላዋውን መዝዞ፣ በስመ አብ ብሎ፣ ቶርን በዓይኑ አስፈቅዶ ኤልጉን ባረከው። ሳይባረክ የሚበላ ሥጋ የለማ። ያኔ የአያቱ ደም ተነሣ መሰለኝ፣ ነጠላ ባያገኝ ቀዩን የአዳኝ ሰደርያ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ኤልጉን እየዞረ ፎከረ፦

«ዘራፍ! ዘራፍ! እኔ ተሰማ!
ቀንዱን እንደ ዋርካ ዘርግቶ ቢመጣ፣
በአንድ ጥይት ጣልኩት ነፍሱ እስክትወጣ!»

ሌሎቹ አዳኞች መጥተው አጨበጨቡ። እኛ ዘንድ ሰው ሲፎክር ማን ተኮሰ ብሎ የሚመረምር የለም። ገዳዩ ዝም ሲል አጠገቡ ያለ ሰው ያሞቅለታል። ቶር ደግሞ ያን ቀን ማሞቂያ የሚያስፈልገው ሰው ነበር።

ሴትዮዋን ከቪዲዮው ቆረጥኳት። ሁሉንም አስፈቅጄ፣ ከፉከራው የሚጀምረውን ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ አወጣሁት። ጥሬውን ግን አልጣልኩም። ሠርግ ቀራጭ ጥሬ አይጥልም፤ ከዓመት በኋላ «አክስቴ የት ሄደች?» የሚል ቤተ ዘመድ መምጣቱ አይቀርም።

ፉከራው ሐበሻ ያለበት ሁሉ ደረሰ። አንድ የሀገራችን ሰው፣ እግዜር ይይለት፣ ግጥሙን ከሥሩ በኖርዌይኛ ተርጉሞ ጻፈው። ብዙም ሳይቆይ ፖሊስ ጋሽ ተሰማን ጠራው፦ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሳይኖርህ ተኩሰሃል።

ጋሽ ተሰማ ሲመለስ ከንፈሩ ደርቆ ነበር።

«አስተርጓሚዋ እዚሁ ያደገች ልጅ ናት። ፉከራ ምንድን ነው አለችኝ። ልጄ፣ ሌላው የገደለውን እኔ ገደልኩ ማለት ነው አልኳት። ‹ውሸት ነው ማለት ነው?› ብላ እንደዚያው ነገረቻቸው። አሁን ተኳሽም ነኝ፣ ዋሾም ነኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ ደሴ ሆነው የቤተሰብ ፈቃድ ይጠብቃሉ። ትንሿን የሚያውቃት በስልክ ድምፅ ብቻ ነው። ክስ ያለበት ሰው ማመልከቻ የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

«ጌቱ፣ አንተ እኮ ቀርጸሃል። ቶር ሲተኩስ አሳያቸውና ይገላግሉኝ!»

«ልፈልገው» አልኩት። መፈለግ አላስፈለገኝም።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቶር አጠገብ ተቀመጥኩ።

«እኔ ነኝ የተኮስኩት ብዬ ነግሬያቸዋለሁ» አለ።

«ፖሊሶቹ ግን ጓደኛውን ሊያድን ነው ብለዋል።»

«ሴትዮዋ ትታያለች?»

«ያ፣ አዎ! ውሻዋን ስትጠራም ይሰማል።»

«ቆርጠህ ስጣቸው።»

«የተቆረጠ አይቀበሉም፤ ሙሉውን ነው የሚፈልጉት።»

ማኘኩን አቆመ። ሰው ወዳለበት የተኮሰ አዳኝ ጠመንጃውን እንደሚቀማ ሁለታችንም እናውቃለን። አደን ከአባቱ ጋር በልጅነቱ እንደጀመረ ሰምቻለሁ፤ ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከቤት የሚያወጣው ያ ብቻ እንደሆነም። ለእሱ ጠመንጃ መቀማት ማለት መኸርን መቀማት ነበር።

«የተሰማ ልጆች ትንንሾች ናቸው?» አለኝ።

«ትንሿ አባቷን አይታው አታውቅም።»

የዳቦውን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ፎርክሊፍቱ ሄደ። ስጣቸው አላለም። አትስጣቸውም አላለም። ዕድሜዬን ሁሉ ሳወራ ኖሬ፣ እንደዚያ ቀን አንዲት ቃል የተመኘሁበት ጊዜ የለም።

ሰጠኋቸው።

የጋሽ ተሰማ ጉዳይ ተዘጋ። የቶር ጠመንጃዎች ተወሰዱ። በሚቀጥለው በጋ አውሮፕላን ጣቢያ ካሜራ ይዤ ቆሜ ትንሿ ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ አባቷን ስታየው ቀረጽኩ። ጋሽ ተሰማ የዳነው አስተርጓሚ ስለተቀየረለት ይመስለዋል። እኔም ቪዲዮውን መስጠቴን ነግሬ ተው አላልኩትም።

ቶር በመጋዘኑ ሰላምታውን አልከለከለኝም። አደን ግን ዳግም አልጠራኝም፤ ራሱም አልሄደም። ከዓመታት በኋላ ጠመንጃ እንደተፈቀደለት ሰማሁና፣ ያለ ቀልድ መናገር ስለማልችልበት እየተንተባተብኩ፣ «ታዲያ ዘንድሮ ትወጣለህ?» አልኩት።

«ናይ፣ አልወጣም» አለ። «ሳነጣጥር ያቺ ሴት ውሻዋን ስትጠራ ይሰማኛል።» ከዚያም ጨመረ፦ «ያስቀረኝ ያንተ ቪዲዮ አይደለም። እሷ ናት።»

ቅዳሜ ከማስታወቂያው ስር የዞርኩት ይህን እያሰብኩ ነው። ቶር አሁን አርጅቷል፤ ቤቱም ከእኔ ሩቅ አይደለም። የሆነውን እንደሆነ ብቻ የሚናገር ሰው ነው፤ እንደ እኔ ጨምሮ ማውራት አያውቅበትም። ያቺን አረፍተ ነገር ግን እውነት ስለሆነች ነው ያላት ወይስ እንዳልጸጸት ለእኔ ብሎ? ብዙ መኸር አለፈ፤ ሄጄ ልጠይቀው እያልኩ፣ ለእኔ ብሎ ቢሆንስ ብዬ እየፈራሁ፣ እስካሁን አልጠየቅሁትም።