ሁለተኛው ጉርሻ

ባለፈው እሑድ ፌደራል ዌይ ከተማ፣ አባቴ ቤት፣ የኪችኑን ካቢኔት ስበረብር አንዲት ትንሽ ሳህን እጄ ገባች። ጠርዟ ሰማያዊ ነው፣ አንድ ጎኗ ተሸርፏል። ቁጭ ማለት ያቃተኝ ሰሞን ነበር። ዶክተሬ «ስኳርሽ ጫፍ ላይ ነው፣ ክብደት ቀንሺ» ካለችኝ ወዲህ የሚበላና የማይበላ እያልኩ የሰው ካቢኔት ሁሉ ስከፍት እውላለሁ። ሳህኗን ሳያት ግን ወንበር ሳብኩ። የተቀቀለ ጎመን ሸተተኝ ብልሽ ታምኚኛለሽ?

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። አባቴ ቀድሞን ከአገር ወጥቶ ስለነበር ስድስት ዓመት ሙሉ ለእኔ የስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። እኔና እናቴ በመጣን ቀን አንድ ትሪ ከበን በላን። ያን ቀን ያጎረሰኝ ጉርሻ ሊያንቀኝ ምንም አልቀረውም፤ እኔ ግን ደስታው ነው ያነቀኝ ባይ ነኝ።

ታክሲ ይነዳ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዶናት ሲገምጥ እየዋለ ሆዱ መሪውን ሊነካ ደርሷል። «ይኼን በነጻ ነው የሰጡኝ» እያለ ሆዱን መታ መታ አድርጎ ይስቃል። ሳቁ የቆየው የእሱ ዶክተር እስክትጠራው ድረስ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ስኳሩ ካልወረደ ኢንሱሊን በመርፌ ይጀምራል አለች። አባቴ መርፌ ፈሪ አልነበረም። ግን ታላቅ ወንድሙ እግሩን በስኳር ተቆርጦ ነው የሞተው፤ እሱም የጀመረው በመርፌ ነበር። ሶ፣ ሰው መርፌ ሲል አባቴ የሚሰማው መጋዝ ነው።

ዶክተሯ ወረቀት ላይ ክብ ሣለችና ከፋፈለችው። ግማሹ ጎመንና ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር ወይ ሥጋ፣ ሩቡ ብቻ እንጀራ። በተጨማሪ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ። እናቴ በዚያው ቀን ይህችን ሳህን ገዝታ መጣች፣ አባቴም ከትሪው ተነስቶ ከጠረጴዛው ማዶ ለብቻው ተቀመጠ። ስድስት ዓመት ጠብቄው ስድስት ወር እንኳን በቅጡ አብሬው አልበላሁም። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን እንጃ።

የእግር መንገዱ የእኔ ሥራ ሆነ። ከትምህርት ስመለስ ሰፈራችን ያለው የመሮጫ ሜዳ እንሄዳለን። ካፊያው አያቆምም፣ እርጥብ ሣሩ ይሸታል፣ የአባቴ ጫማ ጭቅ ጭቅ ይላል። እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። ቀድሜው እሄድና ዞሬ «አባዬ፣ ቶሎ በል እንጂ!» እላለሁ። እሱ እያለከለከ «ቀስ በይ ሚጡ፣ ሳንባዬን ቤት ረስቼዋለሁ» ይለኛል።

ቤት ስንመለስ ሳህኗን በሁለት ደቂቃ ያጸዳትና ትሪያችንን ማየት ይጀምራል። አንጀቴን በላው። አንድ ቀን ጠቅለል አድርጌ አጎረስኩት።

«ኧረ ተዪው!» አለች እናቴ።

«ጉርሻ ከሳህኑ አይቆጠርም። የልጅ እጅ ደግሞ አይመለስም» አላትና ዋጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብሎ አፉን ከፈተ። ሁለተኛውን ሰጠሁት። በማግስቱም እንዲሁ ሆነ፣ በሠልስቱም። ጉርሻዎቼ እያደጉ ሄደው ወጡ እስከ ክርኔ ይወርድ ጀመር። በጠረጴዛው ላይ ተንጠራርቼ ስደርስበት አባቴን መልሼ ያገኘሁት ይመስለኝ ነበር።

ሦስት ወሩ ሞላ። የአባቴ እንግሊዝኛ ለታክሲ እንጂ ለሐኪም ስለማይበቃ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ስኳሩ አልወረደም፤ እንዲያውም ትንሽ ወጣ ብሏል። ዶክተሯ ግራ ገብቷት ከሳህኑ ውጭ የሚበላው ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ምንም የለም በያት» አለ አባቴ።

«ጉርሻውስ?» አልኩት በአማርኛ።

«እሱ ምግብ አይደለም። አትንገሪያት ሚጡ፣ ትከለክለኛለች። እሱ ከሚቀርብኝ መርፌውን ልወጋ።»

መጋዝ የሚሰማው ሰው ነው እንዲህ ያለኝ። ፊቴ ጋለ፣ እጄን የምሸሽግበት አጣሁ። ነገርኳት። በእጄ እያበላሁ የማበላሸው እኔ ነኝ አልኳት። ዶክተሯ ሁለታችንንም ካየች በኋላ ሦስት ወር ጨመረችልን። አባቴ ከክፍሉ ቀድሞኝ ወጣ።

እራት ላይ አንድ ትንሽ ጉርሻ ሰጠሁት። ዋጠና አፉን ከፍቶ ጠበቀ።

«አንድ ያጣላል እኮ።»

«እንጣላ!» አልኩት። እንባዬ መጣ። «እንጣላ፣ ብቻ እግርህ ይትረፍልኝ።»

ተነስቼ ጫማውን አምጥቼ እግሩ ሥር አስቀመጥኩት። ቀስ ብሎ አፉን ዘጋና ክሩን ማሰር ጀመረ። በተጨመረልን ሦስት ወር ስኳሩ ወረደ፣ ውሎ አድሮ ሆዱም ጠፋ፣ መርፌም አልነካውም። ግን ከዚያ ወዲህ እኔ እጄን ዘርግቼለት፣ እሱም አፉን ከፍቶልኝ አናውቅም። ሰው ሁሉ አጎርሳለሁ፣ እሱን ግን አልደፍርም።

እንግዲህ እሑድ ዕለት ሳህኗን አጠብኳትና ጎመንና ሩብ እንጀራ አደረግኩባት። አባቴ ማዶ ተቀምጦ ያየኛል። ከራሱ ሳህን ጠቀለለና እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ። ጎረስኩ። ከዚያ በዚህ ዕድሜዬ አፌን ከፍቼ ጠበቅሁት።

እጁን በናፕኪን ይጠርጋል።

«አባዬ፣ አንድ ያጣላል እኮ።»

«እንጣላ» አለኝ። «ጫማሽ የት ነው?»

ወጣን። ውጭ ያው ካፊያ ነው። እግሬ እንደ ልማዱ ቀደመና ቶሎ በል ልለው ዞርኩ። ከዘራውን ተደግፎ፣ ኮቱ ሰፍቶት፣ ቀስ እያለ ይመጣል። ቆሜ ጠበቅሁት።