የእናቴ ክርስትና ስም

እናቴ ስልኳን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት አራት ቀን ድምፅዋን ሳልሰማ ቆየሁ። የምትኖረው ቡሬ አጠገብ ገጠር ነው፤ እኔ ባሕር ማዶ ነኝ። በየጠዋቱ ፊቷን የማየው በዚያች ስልክ ነበር።

የማናውቀው ሰው የምንደዋወልበት አካውንቷ ውስጥ ገብቶ በስሟ «ታምሜያለሁ፣ ድረሱልኝ» እያለ ለዘመድ ሁሉ ላከ። ከጅጋ የአባቴ ወገኖች አርፋለች ብለው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲደርሱ ጓሮ ጎመን ስትቀነጥስ አገኟት። «በቁሜ አስለቀስኳችሁ» ብላ አፈረች፤ ስልኩንም ዳግመኛ ላትነካው ዘጋችበት።

ፍኖተ ሰላም የምታስተምረው እህቴ ሄዳ አካውንቱን አስመለሰች። በራሷም ስልክ አገናኘችን።

«እምዬ፣ የይለፍ ቃልሽ ምን ነበር?» አልኳት።

«ክርስትና ስሜ ነዋ። እሱን ማን ያውቀዋል?»

በእኛ አገር ክርስትና ስም ለባዕድ አይነገርም፤ ክፉ ሰው ይሠራበታል ተብሎ ይፈራል። ከሱ የተሻለ ምስጢር የለም ብላ ለሁሉም ነገር እሱኑ አድርጋው ኖሯል።

«ግሽ ዓባይ ጠበል ለሚሄደው ሁሉ ስሜን አስጠሩልኝ እያልሽ ስትሰጪ አልነበር?» አለቻት እህቴ።

«ለጸሎት ነው የሰጠሁ።»

«የማኅበራችሁ የክርስትና ስም ዝርዝርስ? ቴሌግራም ላይ ስንቱ ያየዋል።»

የእኔም ስም እዚያ ዝርዝር ላይ አለ፣ ያስጻፍኩትም ራሴ ነኝ፤ የይለፍ ቃሌም ከሱ የራቀ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ የይለፍ ቃል መያዣ መተግበሪያ ስመርጥ ሰነበትኩ። ሌሎቹን የይለፍ ቃላት ሁሉ ቆልፎ ይይዛል፤ ሰው የሚያስታውሰው የሱን መክፈቻ ብቻ ነው። ማስታወቂያ የሚበዛበትን ተውኩ። አሠራሩን ለውጭ መርማሪ ያላሳየውንም ተውኩ። ኔትወርክ ሲጠፋ የማይከፈተው ጭራሽ አይሆንም፤ እናቴ ዘንድ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጠፋል።

እሷ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ሠሪዎቹስ ያዩታል?»

«መክፈቻውን እነሱም አያውቁትም። ከረሳሽው ግን የሚመልስልሽ የለም።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ። የንስሐ አባቴም የነገርኳቸውን መልሰው ለኔም አይነግሩኝ።»

ለመክፈቻው እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ቃላት መርጣ በወረቀት ጻፈች። ስልኩን ከሣጥኑ አውጥታ ወረቀቱን በቦታው ቆለፈችበት። ቁልፉ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው።

በሳምንቱ ማንም ሳይረዳት ራሷ ደወለች። ደስ ብሎኝ ትንሽ አወራኋት፤ መጨነቄ ግን አልቀረልኝምና፣ «እምዬ፣ መክፈቻውን ለኔ ብትነግሪኝስ?» አልኳት።

«ለጸሎት ነው?»

«አይ፣ ምናልባት ቢጠፋብሽ ብዬ።»

«እንግዲያው ይቅርብሽ» አለችና ስልኩን ወደ ጓሮ አዞረችው፤ በረዶ የመታውን ጎመን ልታሳየኝ።