የጥሪያችን ሰው ገመቹ

ሐሙስ። ጠዋት ከሲናና አንድ መኪና ስንዴ ገብቶልኝ ነበር። ግማሹን እንዳራገፍን ወሬው ደረሰ፤ ቀሪው አሁንም መኪናው ላይ ነው።

ገመቹ ሞተ አሉኝ። «የትኛው ገመቹ?» አልኩ። ሮቤ ውስጥ ስንት ገመቹ አለ፤ ሌላ ይሆናል ብዬ።

የእኛው ነው፤ ከመጋዘኔ አጠገብ ኢንተርኔት ቤት ያለው። ትናንት ከጎባ ሲመለስ የተሳፈረባት ባጃጅ ጉም ውስጥ ከመኪና ጋር ተጋጨች።

ለማታውቁት፦ በአንድ መስመር ለሰፈሩ ሁሉ ኢንተርኔት የሚያዳርሰው እሱ ነበር። የሰፈሩ ወጣቶች ኳስ ሲከፍቱ መስመሩ ይጨናነቅና ዓረብ አገር ካሉ ልጆቻቸው ጋር የሚያወሩ እናቶች ድምፅ ይቆራረጥ ነበር። ገመቹ ማሽኑን አስተካክሎ የድምፅ ጥሪ ሁልጊዜ ቀድሞ እንዲያልፍ አደረገ።

«ገሜ፣ ጎሉ አመለጠን እኮ!» ይጮኹበታል።

«ቪዲዮ ይጠብቃል፤ ድምፅ አይጠብቅም። ተራችሁን ያዙ!»

«የቤሩቷ እህትህ ስለደወለች ነው አይደል?»

«አዎ፣ ለጫልቱ ስል ነው። ምን ታመጣላችሁ?»

ዛሬም ጫልቱ ደወለች። እሱ አላነሳ ሲላት ወደ እኔ። «ጋሼ፣ ገሜ ምን ሆኖ ነው ስልክ የማያነሳው?»

መርዶ በስልክ አይነገርም። ድምፅዋ አጠገቤ የቆመች ያህል ጥርት ብሎ እየተሰማኝ «ኔትወርክ ነው መሰለኝ፣ አይሰማም» ብዬ ዘጋሁት። እሱ ባበጀው መስመር ላይ ዋሸኋት።

ከሰዓት በኋላ እዚያው ያሉ የአገሯ ልጆች ያለችበት ድረስ ሄደው መርዶውን አረዷት። እሷ ሳትሰማ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።

ወዲያው ደወለች። እናቷ አዴ ብርቄ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሟት። ልቅሶዋ አንዴ እንኳ አልተቆራረጠም። ምነው በተቆራረጠ አልኩ።

ገሜ፣ ያን ሁሉ የለፋህበት ለዚህ ነበር እንዴ? ሰው ያጽናናኝ ብዬ ወጣሁ፤ ያገኘሁት ሁሉ እኔኑ አጽናናን ይለኛል። ነጋቲ፣ ኦቦሌሳ ኮ። ደህና ሁን ወንድሜ።

ጫልቱ መምጣት አትችልም፤ ቀብሩን በስልክ ልስማው ብላለች። ነገ ጠዋት፦ የሱቅህን ቁልፍ ከእናትህ ተቀብሎ ትርፍ ባትሪውንና አንቴናውን ወደ ቤተ ክርስቲያን መውሰድ።