የደንጋጊዎች ማኅበር አንባቢ

ከተማዋ ያለችው በመጫወቻ ካርታ ውስጥ ነው። የደንጋጊዎች ማኅበር የሚባለው ሕግ እያወጣ የሚገዛትን ያቺን ከተማ ማለቴ ነው፤ ካርታውን የተጫወተ ሁሉ ያውቃታል። ተጫዋቾች ባለክንፉን ዳኛ ሲመዙ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። አንባቢዋን ሲመዙ ግን ፊታቸው ይጠቁራል። «ደግሞ ይቺ መጣች!» ብለው ይጥሏታል። ጉልበቷ ዜሮ ነዋ! እኔ እንግዲህ በዚህ ነገር ደሜ ይፈላል። ሰው ዜሮ ተብሎ ቢጻፍበትም ጠዋት ይነሳል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ሥራ ይገባል። እናንተ ጨዋታችሁን ቀጥሉ፤ የሷን ነገር እኔ ላውራው።

በዚያች ከተማ ሕግ ተጽፎ ስላለቀ ብቻ ሕግ አይሆንም። በአዳራሹ ውስጥ፣ በሰው ድምፅ፣ በዘጠኝ በዘጠኝ ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ መነበብ አለበት። ሦስተኛው ንባብ ሲያልቅ አንባቢዋ «የሚቃወም አለ?» ትልና እስከ አሥር ትቆጥራለች። ማንም ካልተናገረ «ጸንቷል» ትላለች፤ በቃ፣ ጸና። አዳራሹ ለማንም ክፍት ነው። በር ላይ የሚቆመው ሽማግሌ ዘበኛ ለገባ አድማጭ ሁሉ የዕለቱ ቀን የተመታበት ትንሽ ቆርቆሮ ይሰጣል። መቃወም የሚችለው ሦስቱንም ንባብ የሰማ፣ ሦስት ቆርቆሮ የያዘ ሰው ነው።

ሲሰሙት እንዴት ያለ ፍትሕ ነው! ግን እስቲ የትኛው ሥራ ፈት ነው በቀን አርባ ሕግ ቁጭ ብሎ የሚሰማው? ስለ ዶሮ ቤት ከፍታ፣ ስለ መስኮት መዝጊያ ቀለም፣ በዝናብ ቀን መንገድ ላይ ስለ ማፏጨት። አግዳሚዎቹ ዓመቱን ሙሉ ባዶ ናቸው። ዘበኛው ቆርቆሮዎቹን በጨርቅ እየወለወለ፣ «ሰው ባይመጣ እንኳ ዝገት ይመጣል» እያለ ለራሱ ይስቃል።

አንባቢዋ እንዲህ እያነበበች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስትቀጠር እንዲህ አልነበረችም። በመጀመሪያው ዓመት የሙት ልጆች ማደሪያ የሚያዘጋ ሕግ ደረሳትና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። የተሰበረ ንባብ ደግሞ አይቆጠርም፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው፤ ሦስተኛው ላይ ከተሰበረማ ሦስቱም ይፈርሳሉ። ጀመረች፣ ተሰበረ። ደግማ ጀመረች፣ እዚያው ቦታ ላይ ተሰበረ። በሰባተኛው ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። ሥራ ያስተማረቻት አሮጊት አንባቢ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ፣ «አየሽ ልጄ፣ ዓይን ያንብብ፣ አፍ ይናገር፤ አንቺን በመሃል ምን ጥልቅ አደረገሽ?» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ተሰብሮ አያውቅም። «ስታነቢ ምን ታስቢያለሽ?» ብትሏት «ምንም» ትላችኋለች። ከማኅበሩ ሕንፃ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ትኖራለች። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ለጉሮሮዋ ውሃ የምታፈላበት ማንቆርቆሪያ፣ ሌላ ዕቃ የላትም። ባሏ የሞተ ጊዜ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ዘበኛው «እግዜር ያጽናሽ» ሲላት፣ «ምን ይደረግ አባባ» ብላ አለፈች። ሰው ጠንካራ ናት አለ። ጥንካሬ አልነበረም። ልታለቅስ ሞክራ አልመጣላት ብሎ ነው።

አንድ ታናሽ ወንድም አላት፣ ጫማ ሰፊ። ከድልድዩ እስከ ጎተራው በሚወስደው መንገድ፣ በግራ በኩል፣ አባታቸው የሠራው ቤት ውስጥ ይኖራል። ከታች መዶሻና ወስፌው፣ ከላይ እሱና ሚስቱ፣ ከጓሮ ባለው ክፍል እናታቸው። እናታቸው ዓይኗ ከጠፋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ምርኩዝ ይዛ አታውቅም። ግድግዳውን በጣቷ እየዳሰሰች ደረጃውን ትቆጥራለች፣ ምድጃው ጋ ትደርሳለች፣ ከልጇ ጎን ቁጭ ብላ ክሩን በሰም ታሽለታለች። ከዚያ ቤት ብትወጣ ከአልጋዋ መነሳት እንደማትችል እሷም ታውቃለች፤ አንዴ፣ «እኔን ከዚህ የምታወጡኝ በቃሬዛ ነው» ብላቸዋለች።

አንድ ሰሞን መንገዱ ሊሰፋ ነው የሚል ወሬ ተነሳ። ጎረቤቶች ተሰብስበው መከሩ። «በየቀኑ እዚያ አዳራሽ እንዋል እንዴ? ማን ይሠራልናል?» ሲባባሉ ወንድምዬው ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ «እህቴ እዚያ አይደለች እንዴ! እሷ ሳታነበው የሚወጣ ሕግ የለም» አለ። የዚያኑ ዕለት ማታ እህቱ ቤት ሄደ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንሽ። የኛ መንገድ ስም ከተነሳ ንገሪኝ። በማግሥቱም ቢሆን ንገሪኝ፤ እንደምንም ብለን ንባቡን አስደግመን ሁላችንም እንመጣለን።»

«እነግርሃለሁ» አለችው።

«ለእማዬ ስል ነው።»

«እነግርሃለሁ አልኩህ እኮ!»

ከልቧ ነበር። ይህንን እመሰክርላታለሁ፤ ውሸት የሚባል ነገር አታውቅም። አፏ ከሷ ተለይቶ ለብቻው ሥራ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት እንደሆነው ግን ልብ አላለችም።

ወር ሳይሞላ ሦስት ሰዎች ገመድና ችካል ይዘው መንገዱ ላይ ታዩ። ለኩ፣ ጻፉ፣ በግራ በኩል ባሉት ቤቶች ግድግዳ ላይ ኖራ ቀቡ፣ ሄዱ። ወንድምዬው የሚሰፋውን ጫማ ወርውሮ እየሮጠ ወደ እህቱ መጣ። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ከአዳራሹ ጎን ባለው ኮሪደር ቆማ ለብ ያለ ውሃ ትጠጣለች።

«እትዬ፣ የኛ ነገር መጣ እንዴ?»

«አልመጣም።»

«እርግጠኛ ነሽ? ኖራ ቀቡብን እኮ!»

«ቢመጣ እነግርህ ነበር» አለች፣ ብርጭቆውን እያስቀመጠች። «ሁሌም ሲለኩ ኖረው የለ? ሂድ፣ ሥራህን ሥራ።»

ሄደ። ለጎረቤቱ ሁሉ «አልተነበበም፣ እህቴ ነገረችኝ» አለ። ሰው ተረጋጋ፤ ከነሱ አንዱ አዲስ የመስኮት መዝጊያ ገዛ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ! ሕጉ እኮ በዚያን ጊዜ አንዴ አይደለም ሁለቴ ተነብቦ ነበር። ርዕሱ «ስለ መተላለፊያዎች አያያዝ» ነው የሚለው። ድልድዩም ጎተራውም ውስጡ ተጽፈዋል። በዚያች ሴት አፍ፣ በዚያ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ሁለት ጊዜ ተጠርተዋል።

የሦስተኛው ንባብ ቀን ወንድምዬው ወደ አዳራሹ መጣ። ሕግ ሊሰማ አይደለም፤ ሶል የቀየረላትን ጫማ ሊያደርስላት ነው። ዘበኛው አድማጭ አገኘሁ ብሎ ደስታውን አልቻለውም፤ ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ ወልውሎ ሰጠው። «ግባ፣ ግባ! ስታነብ ሰምተሃት አታውቅም አይደል? ወንዝ ናት እኮ!»

ወንድምዬው ጫማውን ጭኑ ላይ አድርጎ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። እህቱን እንዲህ ከፍ ብላ ቆማ ሲያያት ኩራት ቢጤ ተሰማው። ስድስት ሕግ አነበበች። ሰባተኛውን አነሳች፣ እስከ መጨረሻው አነበበች፣ «የሚቃወም አለ?» አለች።

«እትዬ!» ብሎ ተነሳ። ጫማው ወለሉ ላይ ወደቀ። «የኛ ቤት ነው! ያነበብሽው የኛን ቤት ነው!»

አንባቢዋ ቀና አለች። ቀጥሎ የሚመጣው መቁጠር ነበር፤ አንድ ልትል የከፈተችው አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

ከጎኗ የተቀመጡት የማኅበሩ ሰብሳቢ ቁጣ የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ እሱ ነው፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ እርግማን ይወጣልኝ ነበር። ብዕራቸውን አስቀመጡና «ስንት ቆርቆሮ አለህ ልጄ?» አሉት።

«አንድ ነው ጌታዬ። ግን ሕግ አይደለም የምነግርዎት፣ እናቴ...»

«ገብቶኛል። ግን ሦስቱን ያልሰማ አይቃወምም። ሦስቱንም የሰማ ሰው አለ?»

ያን ጊዜ ዘበኛው ከበሩ ጮኸ። «አለች እንጂ! እሷ አለች አይደል እንዴ ጌታዬ! ሦስቴም እዚሁ ነበረች!»

ሰብሳቢው መጽሐፋቸውን አገላበጡ፣ ፈለጉ፣ አገኙ። «እውነትህን ነው። አንድ የቆየ አንቀጽ አለ። ሦስቴም እዚህ ኖሮ ቆርቆሮ ያልወሰደ ሰው የሕጉን ነገር በራሱ ቃል ካስረዳ እንደሰማ ይቆጠራል። አንባቢ አይችልም የሚል አላየሁም።» ወደሷ ዞሩ። «ትቃወሚያለሽ?»

«እቃወማለሁ» አለች። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያልተጻፈላትን ቃል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

«መልካም። ወረቀቱን ገልብጪው። ሕጉ ስንት ቤት ነው የሚያስነሳው?»

ወረቀቱን ገለበጠች። አሰበች። መግቢያውን ታውቀዋለች፣ የሁሉም ሕግ መግቢያ አንድ ነው። መዝጊያውንም ታውቀዋለች። በመሃል ያለውን ፈለገች፤ የራሷ ድምፅ ብቻ ነበር፣ ቃል የሌለው።

«ግድ የለም፣ እሱን ተዪው» አሉ ሰብሳቢው ቀስ ብለው። የፈለጉላት መልካም ነገር ነበር። «ነዋሪዎቹ ስንት ቀን ተሰጣቸው? አሁን ነው ያነበብሽው።»

የወረቀቱን ነጭ ጀርባ አየች።

«የት ይዛወራሉ ይላል?»

«አሥራ አራት ቤት!» ወንድምዬው ድምፁ ተሰንጥቆ ወጣ። «በአርባ ቀን! ከከተማው በር ውጪ ወዳለው ሜዳ! በግራ በኩል፣ ስምንት ክንድ! እትዬ፣ በይ እንጂ! ከአፍሽ እኮ ነው የሰማሁት!» እያለቀሰ ነበር። አንዴ ነው የሰማው፤ አንድ ቃል አላመለጠውም።

«አንተ ሰምተሃል» አሉ ሰብሳቢው። «የሚያሳዝነው፣ አንድ ጊዜ ነው። አንቺስ? ከሱ ያልሰማሽውን፣ የራስሽን አንድ ነገር ንገሪኝ። አንድ ይበቃኛል።»

ወንድሟን አየችው። ዓይኑ ልመና ብቻ ነበር። ልታዝን ፈለገች፤ ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፣ የት እንደምታገኘው ነው የጠፋት። እንደው ዝም ብሎ አንድ ነገር መቀባጠር ይቻል ነበር፤ ሌላ ሰው ቢሆን ይቀባጥራል። እሷ ግን የተጻፈውን እንጂ ያልተጻፈውን ማለት አላደገባትም።

«አልሰማሁም ጌታዬ» አለች።

ሰብሳቢው ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ «ቀጥዪ» አሏት።

ቆጠረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወንድምዬው አግዳሚውን ይዞ እንደቆመ ነበር። አሥር ላይ ስትደርስ «ጸንቷል» አለች። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ቢሰበር ኖሮ ሦስቱም ንባብ ፈርሰው ከሀ ይጀመሩ ነበር፣ የአሥራ አራቱም ቤት ሰዎች ለመምጣት ጊዜ ያገኙ ነበር። አልተሰበረም። ስምንተኛውን ወረቀት አነሳች፤ ስለ ጉድጓድ ውሃ ክዳን ነው።

ወንድምዬው ጫማዎቹን ከወለሉ ለቅሞ መጣ፤ ከምታነብበት ጠረጴዛ ሥር አስተካክሎ አስቀመጣቸው። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር አላት። ከዚያ ዘበኛውን ቀና ብሎ ሳያየው ወጣ።

ሥራ ሲያበቃ ዘበኛው መብራቱን እያጠፋ ወደሷ መጣ። የሚጠይቀውን ሲያመነዝክ ነው የዋለው።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ሲወጣ የሆነ ነገር ብሎሽ ነበር። ምን አለሽ?»

ሶሉ የተቀየረውን ጫማ እያሰረች ነበር። ለማስታወስ ሞከረች።

«እንጃ አባባ» አለች። «እያነበብኩ ነበር።»