ለሞተ ቦታ የሌለው ቅጽ

ወርቅዬ ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል አቋርጣ ድሬዳዋ ስትገባ ያገኘችው ሥራ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት በጊዜያዊነት ሠራች። ባሏ በቅርቡ ለሚሊሺያ ሥልጠና ሁርሶ ከተወሰደ ወዲህ ቤቱ በእሷ እጅ ቀረ። የዚያን ዓመት ቋሚ የሚሆኑ ሴቶች እንደሚመረጡ ተነገረ።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ክፍሌ ጠዋት ጠዋት ሴቶቹን አሰልፎ ጋዋናቸውን ይፈትሻል። ቁልፍ የጎደላትን ይቆጣል፣ ሻሿ የተፈታባትን ይመልሳል። አንድ ቀን ሆዷ ከገፋ ሴት ፊት ቆሞ፣ «አንቺማ ወልደሽ ስትጨርሺ ትመጫለሽ» አላት። ሴቶቹ ሳቁ። ወርቅዬም አብራ ሳቀች። እሷም ሦስት ወሯ ነበር።

ሆዷ መታየት ሲጀምር ከማሽኑ የሚጣል የአቡጀዴ ቁራጭ ወስዳ በየጠዋቱ ሦስት ዙር እየጠመጠመች ታስረው ጀመር። በዚያ ሙቀት ላቡ ከጨርቁ ሥር ይወርዳል። ሕፃኑ ሲገፋት፣ «ታገስ፣ ፈረቃው ሊያልቅ ነው» ትለዋለች። ጓድ ክፍሌ ለሌሎቹ፣ «እንደ ወርቅዬ ቀጥ በሉ» ይል ነበር።

በስድስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጁ ቤቷ ውስጥ መጣ። አላለቀሰም።

የሰፈር ሴቶች አጠቧት፣ አጃ አጠጧት፣ አንቺ መትረፍሽ ትልቅ ነገር ነው አሏት። የእድሩ ዳኛም በር ላይ ቆመው፣ ክርስትና ላልተነሣ ድንኳን እንደማይተከል ነግረዋት ሄዱ። አልተቀየመችም። አምና በሌላ ሴት በር ላይ ይህንኑ ያለችው እሷ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ፣ ግቢውንም ማሽኑንም የምትጋራት ሃሊሞ ከሥራ ገባች። ጨርቁን ገልጣ ትንሹን አየችው።

«ስሙ ማነው?»

«ምን ስም አለው፣ ሃሊሞ። ሳይወለድ የሞተ ነው።»

«እኛ ሙስሊሞች ዘንድ አራት ወር ያለፈው ስም ይወጣለታል። ይታጠባል፣ ይከፈናል። የእናንተን አላውቅም አቦ፤ ይሄ ግን ስም የሌለው አይመስልም።»

ወርቅዬ ሕፃኑን ወደ ራሷ አስጠጋችው። ከዚያ የአባቷን ስም ጠራች፤ ዘሪሁን። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሃሊሞ አላስተባበለችም። «አውቃለሁ። ስታስሪው እያየሁ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ሁለቱ ሆነው በለብ ያለ ውኃ አጠቡት። የሃሊሞ ባል ዲሪር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ የተሰጠውን ተቀብሎ፣ ከዘመዶቹ መቃብር ጥግ ቀበረው። ማንንም አላስፈቀደም።

ወርቅዬ በአራተኛው ቀን ሥራ ገባች። ከወር በኋላ ቋሚ ሆነች። የአስተዳደሩ ጸሐፊ ቅጽ እየሞላ የልጆችሽ ብዛት ስንት ነው ብሎ ጠየቃት።

«አንድ። ዘሪሁን ይባላል።»

«ዕድሜው?»

«ሞቷል።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አነሣ። ቅጹ ላይ ለሞተ ቦታ እንደሌለ፣ ባዶ ቢተወው እንደሚሻል በደግ አንደበት ነገራት። አልተከራከረችውም። ባዶውን ቦታ ጥቂት አየችው፤ ፈረመችና ወደ ማሽኗ ሄደች።