የምስጋናው ጥቁር መሪ

ትናንት የሚካኤል ማኅበራችን ላይ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሁለተኛ ሲዞር፣ አንዱ አፈኛ ምስጋናውን ነካካው። «ያ የአረብ አገር ፕላስቲክህ ባይኖር ኖሮ እኮ ጽዋውን እንደ ሰው በሁለት እጅህ ታነሳ ነበር!» ሰው ሳቀ። ምስጋናውም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ይህን ዛፍ የጣለው ማን እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ምስጋናው ከሳዑዲ ሲመለስ እንደ ሌላው ወርቅና ብርድ ልብስ አላመጣም። በጨርቅ የተጠቀለሉ ጥቋቁር የሞተር ዕቃዎች አመጣ፤ የጭቃ መከላከያና አንድ መሪ። ካርቦን ፋይበር ነው አለን። ላዩ እንደ ሰሌን የተጠላለፈ ነው፤ ስታነሳው ክብደት የለውም። እዚያ ሞተር እየፈታ፣ እያቀለለና እያፈጠነ ነበር የኖረው። ሰቆጣ ላይ የራሱን ጋራዥ ሊከፍት አስቦ፣ ለማሳያ እንዲሆነው አሮጌ ሞተሩን ወደ ጋሽ በሪሁን ጋራዥ ይዞ መጣ። እኔ እዚያ ሠራተኛ ነበርኩ።

«ይሄ እንደ ብረት አይደለም» አለኝ መሪውን እንድገጥምለት ሲሰጠኝ። «ብረት ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቅሃል። ይሄ ውስጡን ተሰንጥቆ ዝም ይላል። ብሎኑን ስታጠብቅ ልኩ ላይ ስትደርስ እጅህን አንሳ፤ አደራ።»

አደራ አለኝ። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

በእኛ አገር መንገድ የማይላላ ብሎን የለም። ስለዚህ የጋራዣችን ሕግ አንድ ነበር፤ ጉልበት እንዲጨምርልህ የብሎን መፍቻው እጀታ ላይ ቱቦ ሰክተህ ብሎኑ እስኪጮህ ታጠብቃለህ። ምስጋናው ለምሳ ሲወጣ ጋሽ በሪሁን በልኩ ያጠበቅሁትን የመሪውን ብሎን ነካ ነካ አድርገው ተቆጡ። «የፃግብጂን ቁልቁለት በዚህ ልትሰደው ነው? ቱቦውን አምጣ!»

«ጋሼ ይተዉት፣ አደራ ብሎኛል።»

«እሱ የተማረው አስፋልት ላይ ነው። አጥብቅ!»

አጠበቅሁ። ብሎኑ ጮኸ፤ ከሥሩም ጠቅ የምትል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ሰምቻለሁ! ላዩ ግን እንዳማረ ነበር፤ ቱቦውን ነቅዬ ሽሮዬን ልበላ ሄድኩ።

ጥቅምት ነበር፤ ማሽላው አሽቷል፣ ክረምቱ መንገዱን በቦይ በቦይ ቆራርጦታል። በሦስተኛው ቀን ምስጋናው ቁልቁለቱ ላይ አንዷን ቦይ ሲሻገር መሪው ከማሰሪያው ላይ ለሁለት ተሰበረ። ቀኝ እጁ በሞተሩና በድንጋዩ መካከል ተፈጨ። ልንጠይቀው ስንሄድ ጋሽ በሪሁን ራሳቸውን እየነቀነቁ «ፕላስቲክ አምኖ!» አሉ። እኔም፣ ውሻው፣ አብሬ ራሴን ነቀነቅሁ። ምስጋናው ያሰበው ጋራዥም ሳይከፈት ቀረ። ጋሽ በሪሁንን ከሞቱ በኋላ እንኳ ስረግማቸው ኖሬአለሁ፤ ቱቦውን የያዘው ግን የኔ እጅ ነበር።

ትናንት ሳቁ ሳያልቅ ተነሳሁ። «ዝም በሉ! መሪው ጤነኛ ነበር። አደራ እያለኝ በቱቦ አጥብቄ የሰነጠቅሁት እኔ ነኝ። ሲሰነጠቅም ሰምቻለሁ።»

የሚቀጥለው ወር ተረኛ ምስጋናው ስለሆነ ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ጠላ የሞላው ጽዋ ፊቱ ቀርቦ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ በወደድኩ።

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?» አለኝ። «ና በዚህ በኩል ያዝልኝ። ለአንድ እጅ ይከብዳል።»

ቤቱ ድረስ አብረን ተሸከምነው። ዛሬም በራሴ ላይ ያለኝ ንዴት አልበረደም። ስንት ጊዜ ተራው ደርሶ፣ ስንት ጊዜ በግራ እጁ ብቻ እየተንገዳገደ ሲያነሳው አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ልያዝልህ አላልኩትም።